ሦስት ጊዜ እምቢ የተባለ ጥናት፦ የአንዲት ወጣት ተመራማሪ ገንዘብ ፍለጋ

## ይህን ለምን ጻፍኩት

በየዓመቱ ወጣት መምህራን ቢሮዬ ይመጡና አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ለምርምር ገንዘብ የት ይገኛል? ድሮ የድርጅቶች ስም ዝርዝር ጽፌ እሰጣቸው ነበር። ዝርዝሩን ይዞ ሄዶ ገንዘብ ያገኘ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቅርብ የተከታተልኩት የአንዲት ባልደረባዬ ጉዳይ ከዝርዝሩ የበለጠ ያስተምራል ብዬ ስላመንኩ አስፈቅጃት ጻፍኩት። ስሟን፣ የምታስተምርበትን ዩኒቨርሲቲና ገንዘቡን የሰጣትን ፈንድ አልጠራም። እንዲህ ያሉ ፈንዶች ገንዘብ የሰጧቸውን ሰዎች ስም ድረ ገጻቸው ላይ ስለሚያወጡ፣ ፈንዱን ከጠራሁ እሷን ጠራሁ ማለት ነው።

## መነሻው

ሲጀመር ማስተርሷን ይዛ የምታስተምር ሌክቸረር ነበረች። ፒኤችዲ ገና አልጀመረችም። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ታስተምራለች፣ የተመራቂ ተማሪዎች ጽሑፍ ታማክራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የኤክስቴንሽን ክፍል አለባት። ልቧ ያለው ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ላይ ነው።

ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው ደኑን ያውቀዋል። ታርሶ ባለቀ መሬት መሀል ክብ ክብ ሆኖ የቀረ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል፤ መሀሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በአካባቢው የቀሩት ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት በአብዛኛው ያሉት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ምእመኑ ዛፍ የሌለው ደብር ራቁቱን እንደቆመ ሰው ነው ይላል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ እምነት ነው።

እሷን ያሳሰባት ትልቁ ዛፍ አይደለም፤ ችግኙ ነው። ሽማግሌ ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው ግን የሚተካ የለም። ከብት ይገባል፣ በንግሥ ቀን ሕዝብ ይረግጠዋል፣ አንዳንዱ ጋ ዳር ዳሩ በባሕር ዛፍ ተይዟል። አንዳንድ አጥቢያዎች ደግሞ ከእርሻቸው ላይ ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ካቡ ችግኙን አተረፈው ወይ? ጥያቄዋ ይኸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ግን እንዲህ አጥርታ አልጻፈችውም፤ ዋጋ ያስከፈላትም ይህ ነው።

## ችግሩ

ዩኒቨርሲቲው የራሱ የምርምር በጀት አለው። አመልክቱ የሚለው ጥሪ ጥቅምት ላይ ይወጣል፣ ግምገማው እስከ ጥር ይጓተታል፣ ብሩ የሚለቀቀው መጋቢት አካባቢ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመጋቢት የመጣ ብር በሰኔ ተወራርዶ ማለቅ አለበት። ችግኝ ግን የመጋቢትና የሰኔ ነገር አይደለም። ዘሩ የሚበቅለው በክረምት፣ በሕይወት የተረፈው የሚቆጠረው ክረምቱ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የመስኩ ሥራ ሁልጊዜ ከበጀቱ ውጪ ይወድቃል። ይህ በእሷ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በዝናብ ላይ የተመሠረተ ጥናት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ገንዘቡ ለአምስት ሰው ቡድን ነው የሚሰጠው። ለእሷ የሚደርሳት ከሁለት የመስክ ጉዞ አያልፍም።

ሁለተኛውን ችግር ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። «ጀማሪ ተመራማሪ» የሚለው ቃል በፈንድ ሰጪዎች ዘንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ፒኤችዲውን ጨርሶ ጥቂት ዓመት የሆነው ሰው ማለት ነው። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪዎች ብሎ እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚሰጥበት መርሐ ግብር የሚቆጥረው ከፒኤችዲ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፤ ሥራውም በአውሮፓ ኅብረት ወይም ከኅብረቱ ጋር በተሳሰረ አገር ባለ ተቋም መሆን አለበት። ኦደብሊውኤስዲ በሚል ምህጻር የሚታወቀውና ጣሊያን ትሪየስት ላይ የተቀመጠው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለወጣት ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አለው፤ እሱም ፒኤችዲ ይጠይቃል። እዚያው ትሪየስት ያለው ትዋስ፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1983 የመሠረተው የሳይንስ አካዳሚ፣ ለግለሰብ ተመራማሪ በሚሰጠው ገንዘብ እንዲሁ።

እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ሰው ግን አብዛኛው ባለ ማስተርስ ነው። ተማሪ ስላልሆነ የተማሪ ድጋፍ አያገኝም፤ ፒኤችዲ ስለሌለው ተመራማሪ ተብሎ አይቆጠርም። እሷ የቆመችው እዚህ መሀል ላይ ነበር። ሳታውቀው አንድ ዓመት አለፈባት።

## ሦስቱ እምቢታዎች

የመጀመሪያው ለአንድ ትልቅ የአውሮፓ ፋውንዴሽን የላከችው ነው። ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ጻፈች። መልሱ በአምስተኛው ቀን መጣ። ፕሮፖዛሉን ያነበበው የለም፤ ፒኤችዲ ስለሌላት ገና በር ላይ ተመለሰ። የጥሪው ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። እሷ ያነበበችው የገንዘቡን መጠንና የመጨረሻውን ቀን ነው።

ሁለተኛው መስፈርቱን ያሟላ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት ሠራች፤ ብዙዎቻችን የምንሠራውን። 24 አብያተ ክርስቲያናት፣ የካርቦን ልኬት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የአካባቢው ሕዝብ ኑሮ፣ ሁሉንም በሁለት ዓመትና በ40,000 ዶላር እሠራለሁ አለች። ገምጋሚዎቹ ሁለት ገጽ አስተያየት ላኩ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሥራው ሲያልቅ ዛሬ የማናውቀውን ምን እንደምናውቅ አልገባንም። በጀቱ ላይም ጠንካራ ነገር ነበራቸው። ሲሶው ለላፕቶፕ፣ ለውጭ አገር ሥልጠናና ለመኪና ኪራይ ነበር የተመደበው።

ሦስተኛው የቡድን ማመልከቻ ነው። ሁለት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉበት ቡድን ጋበዛት፣ ስለ አካባቢው የሚያትተውን ክፍል በሙሉ እሷ ጻፈችው። ከዚያ ዝም ተባለች። ከወራት በኋላ ነው ቡድኑ ያለ እሷ ማስገባቱንና ማመልከቻው መውደቁን የሰማችው። በጽሑፍ የተስማሙት ነገር ስላልነበረ የምትጠይቀው ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ቢሮዬ መጣች። «ዶክተር፣ እኔ የምርምር ሰው አይደለሁም መሰለኝ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አዘንኩ። እንዲህ እያሉ ከምርምር የወጡ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። «ሦስቱንም ፕሮፖዛል፣ ከአስተያየቱ ጋር አምጪልኝ» አልኳት።

## ምን ተቀየረ

ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አነበብን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ከዚህ ሁሉ ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው? ትንሽ አሰበችና «ካቡ ችግኙን አትርፎታል ወይ፣ እሱን ነው» አለች። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሦስቱ ፕሮፖዛሎች በአንዱም ውስጥ አልነበረም።

24ቱ ወደ አራት ወረዱ፤ ሁለት ካብ ያላቸው፣ ሁለት የሌላቸው። ካርቦኑም ኑሮውም ወጣ። ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ከሁሉም በላይ የረዳት ይመስለኛል። ገንዘብ ሳትጠብቅ ሙከራ ሠራች። በሁለት ቅዳሜና እሁድ፣ በአውቶቡስ ሄዳ፣ ሲባጎና ሜትር ይዛ፣ በሁለት ደኖች ውስጥ ትንንሽ ቁራሽ መሬት ለክታ ችግኝ ቆጠረች። ጂፒኤሱን ከትምህርት ክፍሉ ተዋሰች። ያወጣችው የትራንስፖርትና የምግብ ብር ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን የደብሩን አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤውን ሄዳ አስፈቀደች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ውስጥ ድረስ መግባት የማይፈቀድላት የት እንደሆነ ጠይቃ፣ እነሱ ባሉት መሠረት። ሰበካ ጉባኤው የድጋፍ ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ ሰጣት። ያ ደብዳቤ ተተርጉሞ ከማመልከቻው ጋር ተያያዘ። እኔ ገምጋሚ ብሆን ከብዙ የሳይንስ ጥቅስ ይልቅ ያንን አምናለሁ።

ከዚያ ነው ፈንድ ፍለጋ የሄድነው። በስፋት ሳይሆን በጠባቡ። ጥያቄያችን ለምርምር ማን ይሰጣል አልነበረም፤ ዛፍና ደን እንዳይጠፋ የሚፈልግ፣ ፒኤችዲ የማይጠይቅ፣ ትንሽ ገንዘብ የሚሰጥ ማን ነው የሚል ነበር። እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። በእንግሊዝ ያለው ሩፎርድ ፋውንዴሽን በታዳጊ አገሮች ለሚሠሩ የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራዎች አነስተኛ ገንዘብ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ጊዜ አግኝተውታል። አቡ ዳቢ ያለው የመሐመድ ቢን ዛይድ የዝርያ ጥበቃ ፈንድ ለአንድ ዝርያ ጥበቃ እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል። አሜሪካ ያለው አይዲያ ዋይልድ ገንዘብ ሳይሆን መሣሪያ በዓይነት ይሰጣል፤ ጂፒኤስ፣ ካሜራ፣ የርቀት መነጽር። እንዲህ ካሉት ከአንዱ ጋር ነው የእሷ ጥያቄ የገጠመው።

በጀቱን እንደ አዲስ ሠራን። ላፕቶፕ ወጣ፣ ሥልጠና ወጣ። የገባው ትራንስፖርት፣ ለመስክ ረዳቶች የቀን ክፍያ፣ ካስማ፣ ሜትር፣ የዛፍ መለያ ቆርቆሮ፣ በመጨረሻ ውጤቱን ለአጥቢያው ሰዎች የምታቀርብበት የአንድ ቀን ስብሰባ ነው። ድምሩ 5,000 ፓውንድ አካባቢ። እያንዳንዱ መስመር አጠገብ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

እንግሊዝኛውን ያየላት ኦተርኤይድ በሚባለው መድረክ ላይ ያገኘችው አማካሪ ነው። መድረኩ የታዳጊ አገር ተመራማሪዎችን ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር በነፃ ያገናኛል። ለድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ሰዎች ጠየቀች፣ ከሁለት ወር በፊት። አንዱ እሺ ብሎ ሳይልክ ቀረ። በመጨረሻው ሳምንት የማስተርስ ፈታኟን ለምና ተካችው። እሱ እምቢ ቢላት ኖሮ ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ደብዳቤ ይቀር ነበር።

መልሱ በሦስት ወር ውስጥ መጣ። ተቀብለውታል።

## ገንዘቡ ሲመጣ

ታሪኩ እዚህ የሚያልቅ ይመስላል። ከባዱ የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ የገባው በ2016 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 360 ሺህ ብር። ፋይናንስ ክፍሉ በሰኔ ሒሳብ እየዘጋ ነበር። ከሐምሌ በኋላ ነይ ተባለች። ሐምሌ ስትሄድ ገንዘቡ በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚመዘገብ የወሰነ አልነበረም። ደብዳቤ ከምርምር ጽሕፈት ቤት ወደ ፕሬዚዳንት፣ ከፕሬዚዳንት ወደ ፋይናንስ ተመላለሰ። ዝናቡ ግን አልጠበቀም።

በዚያው ወር ሌላ ነገር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያኑ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የእሷ ፓውንድ አስቀድሞ በርካሹ ተመንዝሮ ብር ሆኗል። ፈንዱ ከእሷ ጋር የተስማማው በፓውንድ ነው፣ ዕቃው የሚገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው፣ የተመደበላት ግን የድሮው ብር ነው። ያም ቢሆን እጇ ገና አልገባም።

ክረምቱ ካመለጣት አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነበረባት። ስለዚህ ዕቁቧን አሰበች። ዕጣዋ ገና ነበር፤ ከአንዲት ሴት ጋር ተቀያይራ፣ ዳኛው ፈቅዶላት፣ ቀድማ ወሰደች። በዚያ ብር መስክ ወጣች። እኔ ይህን ስሰማ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ብትጠይቀኝ አታድርጊው እላት ነበር። ጥናቱ የዳነው ግን በዚያ ዕቁብ ነው።

ከፋይናንስ ጋር ያለው ነገር በነሐሴ መጨረሻ ተፈታ። ለግዢ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ለመስክ ረዳት መታወቂያና የተፈረመ ፔይሮል ተጠየቀች። እነዚህ የገጠር ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም መታወቂያ የላቸውም። በቅሎ ያከራያት ሰውዬ ደረሰኝ ከየት ያምጣ? ከዕቁቡ ብር ያወጣችው ግማሽ ያህሉ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የወጣ ነው ተብሎ አልተተካላትም። እስከ ዛሬ አልተተካም። ይህ ያናድደኛል። መንግሥት አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ውጭ ምንዛሪ ለአገሩ ያመጣች ሴት ከደመወዟ ዕዳ ከፈለች።

## የሠራውና ያልሠራው

የሳይንሱ ውጤት ጥሩ ነው። ካብ ባላቸው ደኖች ውስጥ ያለው ችግኝ ካብ ከሌላቸው በግልጽ ይበልጣል። ያልጠበቀችው ነገርም አገኘች። ካብ ካለባቸው በአንዱ የጥቁር እንጨት ችግኝ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን የነገሯት የደብሩ ቄስ ናቸው፤ በክረምት ሣሩ ሲለመልም የካህናቱ ጥጆች ግቢ ውስጥ ይታሰራሉ። ካቡ የውጭውን ከብት ከለከለ እንጂ የውስጡን አልከለከለም። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ይህን ስታቀርብ ቀሳውስቱ አልተቆጡም። ጥጆቹ የሚታሰሩበትን ቦታ እዚያው ተነጋግረው ለዩ።

ትንሽ ገንዘብ መጠየቁ፣ ጥያቄውን ማጥበቡ፣ ሙከራውን ቀድሞ መሥራቱና የአጥቢያውን ሰዎች ከመጀመሪያው መያዙ በደንብ ሠርተዋል። የገንዘቡ መንገድ ቀድሞ አለመጣራቱ፣ ሁሉም ገንዘብ በአንድ ጊዜ መምጣቱና በጀቱ ውስጥ ለዋጋ መናር ምንም አለመያዙ ደግሞ ጎድተዋታል። የመጨረሻው ጥፋት የኔም ነው። በጀቱን አብሬ አይቼ መጠባበቂያ ይያዝ አላልኩም።

## ሌላው ሰው ምን ይውሰድ

ጥሪ ስታነቡ ከገንዘቡ መጠን በፊት ማን ማመልከት እንደሚችል የሚለውን ክፍል አንብቡ። ዲግሪ፣ ዕድሜ፣ አገር፣ ከፒኤችዲ በኋላ ስንት ዓመት። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ እሷ ሦስት ሳምንት ከፍላበታለች።

ባለ ማስተርስ ከሆናችሁ ትንንሾቹን ፈንዶች በየዘርፋችሁ ፈልጉ። ማኅበራዊ ሳይንስ ላይ ያላችሁ ኦስሪያና ኮዴስሪያ የሚባሉትን፣ አዲስ አበባና ዳካር ያሉትን የምርምር ድርጅቶች፣ ግብርና ላይ ያላችሁ ደግሞ ሩፎረም የሚባለውን፣ ካምፓላ ያለውን የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ጥሪዎች ተከታተሉ። ትንሹ ገንዘብ የሚሰጣችሁ ውጤት ብቻ አይደለም። ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሠርቶ፣ ሪፖርት ያቀረበ ሰው መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይሰጣችኋል። ቀጣዩ ፈንድ የሚፈልገው ያንን ነው። ማመልከቻ ለማስገባት ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ግን ተዉት። እስከ ዛሬ ካየኋቸው እውነተኛ የምርምር ፈንዶች አንድም የማመልከቻ ክፍያ የጠየቀኝ የለም።

ከማመልከታችሁ በፊት ፋይናንስ ክፍል ሂዱ። ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ ይገባል፣ በምን ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ለሌለው ወጪ ምን ዓይነት ሰነድ ትቀበላላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ፈንድ ሰጪውን ደግሞ ገንዘቡን በሁለት ዙር እንዲልክ ጠይቁ፤ የሚስማሙ አሉ። የመጀመሪያው ዙር ከሐምሌ በኋላ እንዲገባ አድርጉ እንጂ በሰኔ አይሁን። ዋጋው ሊንር የሚችለውን ዕቃ ሁሉ ቀድማችሁ ግዙ።

ከቡድን ጋር ስትሠሩ ስማችሁና የገንዘብ ድርሻችሁ በኢሜይል እስኪጻፍ ድረስ አንድ ገጽ አትላኩ። የውጭ ባልደረቦችን ማስቀየም የሚፈሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በደህና የሚሠራ ሰው በዚህ አይቀየምም።

ለኅትመት የሚጠየቀው ክፍያም እንዳያስፈራችሁ። ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በርካሽ የሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም ኢትዮጵያን በነፃ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ስለሚመድባት፣ ብዙ አሳታሚዎች ከእኛ አገር ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ። ክፍያው እንዲቀር የሚጠየቀው ጽሑፉን ስታስገቡ ነው፤ ከተቀበሉት በኋላ ብዙ ጊዜ ይረፍዳል። የእሷ ጽሑፍ አሁን በግምገማ ላይ ነው፤ ስታስገባ ጠይቃ ክፍያው ቀርቶላታል።

ለዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም አንድ ነገር አለኝ። በበጀት ዓመት የማይዘጋ፣ ለውጭ ግራንት ብቻ የሆነ ሒሳብ ክፈቱ። ለገጠር መስክ የሚሆን ቀላል የክፍያ ቅጽ አዘጋጁ፤ በጣት አሻራና በቀበሌ ምስክርነት የሚፈረም። እነዚህ ሁለቱ ከአሥር የፕሮፖዛል አጻጻፍ ሥልጠና ይልቅ ወጣቱን ይረዱታል። ሥልጠናውን እኔም እሰጣለሁና የምናገረው ከውስጥ ሆኜ ነው።

## አሁን ያለችበት

ለዚያው ፈንድ ሁለተኛ ዙር ልታመለክት ነው። በዚህኛው ስምንት ደኖች ይኖራሉ፤ ጥጆቹም የጥናቱ አካል ናቸው። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት አላነሳችም። ማታ መልሳ ደወለችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ፋይናንስ ክፍል ነበረች። ፕሮፖዛሉን ገና አልጻፈችውም፤ መጀመሪያ የሒሳብ ቁጥሩን ልታጣራ ነው የሄደችው።